የእትዬ ዘነበች ላጲስ

ከጣርማ በር እስከ አንኮበር ድረስ ሞቶ እኔ ያላስነሣሁት ኮምፒውተር የለም። ውሃ የጠጣ፣ መብረቅ የመታው፣ አይጥ የወለደችበት፣ ምን አለፋችሁ፣ ባለቤቱ ተስፋ ቆርጦ ተዝካሩን ሊያወጣ የደረሰ ሁሉ በእጄ ድኗል። ደብረ ብርሃን ውስጥ ሱቄን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይህን ከአፌ ሰምቷል። ያልሰማ ካለ ገና ሱቄ ስላልገባ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ግን ስልኬ ጮኸና "እትዬ ዘነበች ዐረፈች" አሉኝ። የያዝኩት ካቻቢቴ ከእጄ ወደቀ። ለቅሶው ደርሼ ድንኳኑ ሥር እንደተቀመጥኩ አንድ ጎረቤቷ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና "ያንን የአንኮበሩን ኮምፒውተር ያስነሣኸው አንተ ነህ አይደል? እሷ እኮ ሁልጊዜ ታወራልህ ነበር" አለኝ። "አዎ" ልል አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት። እኔ በየትም ቦታ ብዋሽ በለቅሶ ቤት አልዋሽም። ስለዚህ እዚህ ልናዘዝ። ያንን ኮምፒውተር ያስነሣችው እሷ ናት። እኔ ካቻቢቴ አቀባይ ነበርኩ፤ እሱንም ሁለት ጊዜ የተሳሳተውን ነው ያቀበልኩት።

እትዬ ዘነበች አጭር ነበረች። ምን ያህል አጭር ብትሉኝ፣ ከባንኮኒዬ ጀርባ ስትቆም ደንበኛ የሚያየው ሻሿን ብቻ ነው፤ ሻሹ ራሱ የሚናገር እየመሰላቸው የደነገጡ አሉ። በአንገቷ፣ ከማተቧ ጎን፣ በጥቁር ክር የታሰረ ላጲስ ነበራት። ያው የተማሪ ላጲስ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ በአንድ ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ክፍል ሠርታ ጡረታ ስትወጣ ከዚያ ይዛ የወጣችው ነገር ቢኖር ይህ ላጲስና ማንንም አለመፍራት ነው።

የተዋወቅነው የጡረታ ወረቀቷን ኮፒ ልታስደርግ የመጣች ቀን ነው። እኔ የአንድ መምህር ኮምፒውተር አልነሣ ብሎኝ ጎን ጎኑን በጥፊ እለው ነበር።

"ምን አድርጎህ ነው የምትመታው?"

"እትዬ፣ ይሄ ሞያ ነው። ዝም ብሎ ዱላ እንዳይመስልሽ፤ ተለክቶ ነው የሚመታው።"

"እስቲ ዞር በል፣ ዶክተር።"

ክዳኑን ከፈተች። አንዲት ቀጭን ካርድ ነቀለች። ላጲሱን ከአንገቷ ሳብ አድርጋ የካርዷን ወርቃማ ጥርሶች እሽት እሽት አደረገቻቸው፣ እፍ አለችባቸው፣ መልሳ ሰካቻት። ኮምፒውተሩ ተነሣ! ወዲያው መምህሩ ከውጭ ገባና ስክሪኑ በርቶ ሲያይ "እግዜር ይስጥልኝ!" አለኝ። እኔ አፍሬ ወደ እሷ ዞርኩ። እሷ ግን ወረቀቷን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ እየከተተች "የሠራው እሱ ነው። ጎበዝ ልጅ ነው" ብላ ወጣች። ጎበዙ ልጅ ያኔ አርባ ሁለት ዓመቱ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ትመጣ ጀመር። "አንቱ" ስላት ተቆጣች፤ "አንቱ የምትለኝ ከሆነ ሥራህን ራስህ ሥራ" አለችኝ። እሷ "አንቱ" የምትለው አሮጌ ኮምፒውተርን ብቻ ነው። አዳዲሶቹን "አንተ" ትላለች፣ እኔን "ዶክተር" ትላለች፤ ሃያ ዓመት ያገለገለ ማሽን ሲመጣ ግን ሻሿን አስተካክላ "ምን ሆኑብን?" ብላ ነው ክዳኑን የምትከፍተው። ሕግ ነበራት። አንደኛው፣ የሚሠራ ነገር አይነካም። ሁለተኛው፣ ከማውራት በፊት ገመዱን ማየት። ሁለተኛው ለእኔ የወጣ ሕግ ነው።

አሁን ወደ አንኮበሩ ጉዳይ ልምጣ። የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ ነው።

ታደሰ የሚባል አናጢ ነበር፤ የሱቄን መደርደሪያ የሠራልኝ እሱ ነው። ከወለጋ ተፈናቅለው መጥተው ከእናቱ ጋር እዚህ ደብረ ብርሃን መጠለያ ውስጥ ይኖራሉ። አንኮበር የምታስተምር ምሕረት የምትባል ልጅ ወደደ፤ ወደደችው። ሽማግሌ ላከ። የልጅቱ አባት አቶ ክፍሌ ደግ ሰው ናቸው፤ ወዲያው እሺ ሊሉ ሲሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ "የዚህ ልጅ ቅድመ አያት እኮ ከእኛው ከአንኮበር የሄደ ነው ይባላል" አሉ። አለቀ! በእኛ አገር ሰባት ቤት ተቆጥሮ ካልታለፈ ጋብቻ የለም። ይቆጠር ቢባል ደግሞ ከታደሰ ወገን ትውልድ ቆጣሪው አያቱ ነበሩ፤ እሳቸው ሲፈናቀሉ መንገድ ላይ ዐርፈዋል። አቶ ክፍሌ ሽማግሌዎቹን ለእሑድ ሳምንት ቀጠሩ። ያን ቀን ዝምድናው ካልታወቀ ነገሩ ይቀራል።

ታደሰ ይህን ሱቄ ውስጥ ተቀምጦ ሲነግረን እኔ ምክር ጀመርኩ። "ድሮስ! ሳይቆጠር ነው እንዴ የሚወደደው? እኔን ተመልከት። ባለቤቴን ከመዘዞ ሳመጣ ሽማግሌ ተቀምጦ በጣቱ ስምንት ቤት ቆጥሮልኝ ነው። ስምንት! ከስምንት ወዲህ ብትሆን ኖሮ ዓይኗን ቀና ብዬ አላይም ነበር።"

"አንተ ቀና ብለህ ሳታይ ነው እሷ አይታ ያዘነችልህ" አለች እትዬ ዘነበች፣ ካርድ እያሸች። ከዚያ ወደ ታደሰ ዞረች። "ደብሩ ምን አለ?"

"ቄስ ገብሬ 'ካልታወቀ አላጋባም' አሉኝ። ግን መሪጌታ ጽጌ የሚባሉ ሰው ነበሩ አሉ። የአካባቢውን ቤተሰብ ትውልድ ሁሉ ሲመዘግቡ ኖረው ሞቱ። ወረቀቱን ምስጥ በላው። አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ግን አለ ይላሉ፤ እሱም ከሞተ ቆይቷል።"

እትዬ ዘነበች ላጲሱን ለቀቀችው። "ከየት የመጣ ኮምፒውተር?"

"ፋብሪካ በጨረታ የሸጠው ነው ይባላል።"

ዓይኗ በራ። እኔ ዓይን ሲበራ በወሬ ነው የምሰማው፣ ያን ቀን ግን በመብራት ምትክ ልንጠቀምበት እንችል ነበር። "እሳቸው ናቸው!" አለች። "ከፋብሪካችን ከወጡ ሰላሳ ዓመት ያልተያየን!"

በማግስቱ ሰኞ አንኮበር ወጣን። ጉሙ ከመውፈሩ የተነሣ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችውን ያወቅኳት በስድቧ ነው። ቄስ ገብሬ ወደ ደብሩ ቢሮ አስገቡንና አሮጌ ጋቢ ገለጡ። ሥሩ ያ ማሽን፣ የእህል ሣጥን የሚያህል፣ ቀለሙ እንደ ሻይ የሆነ። እትዬ ዘነበች ጎኑን በመዳፏ ዳሰሰችና "ምን ሆኑብን?" አለች።

ብዙ ነገር ሆነዋል። ሞኒተሩ ሞቷል፤ ዘጠኝ ቀዳዳ ያለው የድሮ መሰኪያ ስለሆነ እንደ እሱ ያለ ሞኒተር ከሙዚየም ካልሆነ አይገኝም። ከዚያ የባሰው ዲስኩን የሚያዝዘው ካርድ ነው፤ መሀሉ ላይ እንደ ከሰል የጠቆረ ነጥብ አለው። እኔ ወዲያው መላ መጣልኝ። "ምን ችግር አለ? ዲስኩን ነቅለን በእኔ አዲስ ኮምፒውተር እናነበዋለን!" ብዬ እጄን ስሰድ እጄን መታችኝ። እንደ ሕፃን።

"ይሄ የዛሬ ዲስክ መሰለህ? የድሮ ዲስክ ራሱን አያዝም፤ ጭንቅላቱ ያለው እዚህ ካርድ ላይ ነው። የጻፈበት ይህ ዓይነት ካርድ ነው፤ የሚያነበውም ይህ ዓይነት ብቻ ነው። ሌላ ካርድ ብትሰጠው 'ባዶ ነው' ይልሃል። አንተ ደግሞ ባዶ መስሎህ አዲስ አድርገህ ታጸዳዋለህ።"

"አላደርገውም" አልኩ። ልክ እሱን ላደርግ ነበር።

ቄስ ገብሬ "እንግዲህ ተስፋ የለውም ማለት ነው?" አሉ። ታደሰ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማል። እትዬ ዘነበች የተቃጠለውን ካርድ ገልብጣ ቁጥሩን አነበበች፤ እንደ ጤፍ የደቀቀች ቁጥር፣ ያለ መነጽር። "መንታ ነበሩ" አለች። "ፋብሪካው የገዛው ሁለት ነው። ሁለተኛውን በጨረታ የወሰደው አንድ የአረርቲ እህል ነጋዴ ነው።"

ረቡዕ ማልደን አረርቲ ገባን። ከአንኮበር ብርድ ወደዚያ ሙቀት ስንወርድ የለበስኩትን እያወለቅኩ፣ እያወለቅኩ፣ ነጋዴው ቤት ስደርስ ለመግባት የምታሳፍር ልብስ ብቻ ቀርታኝ ነበር። ነጋዴው የለም። ሚስቱ ወይዘሮ ሽታዬ ተቀበሉን።

"ኮምፒውተሩማ አለ" አሉ። "ግን ሰው አለበት።"

"ማን አለበት?"

"ዶሮዬ ታቅፋበታለች።"

ጓዳ አስገቡን። እውነትም ክዳኑ የተነሣ ኮምፒውተር፣ ውስጡ ጭድ፣ ጭዱ ላይ አንዲት ቀይ ዶሮ እንደ ወይዘሮ ተንሰራፍታ። "አሥራ ሦስት እንቁላል ነው የታቀፈችው። ገና ሳምንቷ ነው። ስትፈለፍል ኑ" አሉን። እኔ በልቤ ቆጠርኩ፤ ሁለት ሳምንት። እሑድ ሊመጣ አራት ቀን ቀርቶታል።

"ዶሮዋን ለአንድ ደቂቃ ብናነሣትስ?" አልኩ።

"ዘንድሮ አንድ ጊዜ ተነሥታ ስንት እንቁላል ገማብኝ መሰለህ!"

እትዬ ዘነበች በርከክ አለች። "እማማ ሽታዬ፣ አትነሣም። አንድ እንቁላል ቢሰበር እኔን እዚህ አስታቅፉኝ።" ወይዘሮ ሽታዬ ሳቁ፤ ሲስቁ ተሸነፉ። ለእኔ የተሰጠኝ ሥራ በዶሮዋ ፊት ጥሬ ይዤ ሐሳቧን መስረቅ ነው። እትዬ ዘነበች እጇን ከጭዱ ሥር እስከ ክንዷ ድረስ ሰደደች። ዓይኗን ጨፈነች። ብሎኗን በካቻቢቴ ሳይሆን በጥፍሯ ፈታቻት። ዶሮዋ ቀና ብላ አየችኝ። ሥሯ የሚርመሰመሰውን እጅ ትታ እኔን ነቆረችኝ! የእጄን ጀርባ፣ ከዚያ አውራ ጣቴን፣ ከዚያ ጥሬውን ጣልኩና ሸሸሁ። ስመለስ እትዬ ዘነበች በኩስ የተለሰነች ካርድ ከፍ አድርጋ ይዛለች። "እንቁላሉ አሥራ ሦስት ነው፣ ይቁጠሩት" አለች። ወይዘሮ ሽታዬ እልል አሉ። ስለ ካርድ እልል ሲባል የሰማሁት ያኔ ነው።

ካርዷን ያጠብናት በደብረ ብርሃን ዳግም አረቄ ነው። ለእንዲህ ያለው ሥራ ከውጭ የሚመጣ ፈሳሽ አለ፤ የእኛው ግን ከእሱ ይበልጣል፤ ቆሻሻው ገና ሳይነካው ጠረኑን ሰምቶ ይሸሻል። ሩቡ ለካርዷ ዋለ። የቀረው የት እንደደረሰ እትዬ ዘነበች ጠየቀችኝ፤ "ተነነ" አልኳት። ከዚያ ላጲሱ። ጥርሶቿ እስኪያበሩ ድረስ ስታሻት ዋለች።

እሑድ በአቶ ክፍሌ ቤት ተሰበሰብን። ከደብሩ ቢሮ ኮምፒውተሩን ታደሰ ተሸክሞ አመጣው፤ ትልቅ ቴሌቪዥን ያላቸው አቶ ክፍሌ ስለሆኑ ነው። ሽማግሌዎቹ እንደ ኳስ ተመልካች ተደርድረዋል። የዶሮዋን ካርድ እትዬ ዘነበች በተቃጠለው ምትክ ሰክታለች። የእኔ ድርሻ ምስሉ ነበር፤ ከመደርደሪያዬ አሥራ አምስት ቀዳዳ ያላት የምስል ካርድ አመጣሁ፣ በድሮዋ ቦታ ሰካኋት፣ ከቴሌቪዥኑ ጋር በምታስማማው ትንሽ ሣጥን አገናኘኋት። "አሁን" አልኩ፣ "የሰላሳ ዓመት ታሪክ በዓይናችሁ ልታዩ ነው!" አበራሁት። ቴሌቪዥኑ "ምልክት የለም" አለ። እኔም ወዲያው ስለ ኤሌክትሪክ ጠባይ፣ ስለ አንኮበር ጉም፣ ጉም ሽቦ ውስጥ ስለሚያደርሰው ጉዳት ንግግር ጀመርኩ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ ይሰሙኛል። እትዬ ዘነበች ዝም ብላ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ሄደች፣ ገመዱን ካስገባሁበት ቀዳዳ ነቅላ ጎኑ ወዳለው ሰካችው። ፊደል መጣ!

"ከማውራት በፊት ገመዱን" አለችኝ በቀስታ።

የዲስኩ ድምፅ ወፍጮ ቤት ነው። አቶ ክፍሌ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሳቡ። "ሊፈነዳ ነው እንዴ?"

እትዬ ዘነበች በሣጥኑ ላይ ጎንበስ ብላ "ጥቂት ብቻ ይታገሡን" አለች።

"እሺ ልጄ፣ እታገሣለሁ" አሉ አቶ ክፍሌ። እሷ ኮምፒውተሩን ማናገሯ ነበር።

እኔ የታደሰን ወገን መዝገብ አሁኑኑ ልክፈት ስል ከለከለችኝ። "መጀመሪያ ይገለበጥ። እሳቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ለንባብ ከደከሙ ሁላችንም ባዶ እጃችንን ነው የምንቀረው።" ለዚህ ብላ ከድሮው ካርድ ጎን ሌላ አዲስ ካርድ አስገብታለች፤ እሱ ላይ የምትሰካው የካሜራ ሚሞሪ ናት፣ የጣት ጥፍር ታህላለች። ከወፍጮው ወደዚያች ጥፍር የምታህል ሚሞሪ መገልበጥ ተጀመረ። የቤተሰብ ስም አንድ በአንድ በቴሌቪዥኑ ላይ ሲወርድ ሽማግሌዎቹ "እሱ የእኛ ነው!"፣ "ኧረ የእነ እገሌም አለ!" እየተባባሉ ይነሣሉ። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ድምፁ ተለወጠ። ጠቅ። ጠቅ። ጠቅ። ታደሰ የቀሚስ ጫፍ እንደያዘ ሕፃን የእናቱን ነጠላ ይዟል። እትዬ ዘነበች መዳፏን ዲስኩ ላይ አሳረፈች፣ ሣጥኑን በጎኑ ቀስ አድርጋ አዘነበለችና ያዘችው። እንደ ልጅ ታቅፋ ያዘችው። "ዶክተር፣ አንብብልኝ።"

"ሦስት ቀረ!... ሁለት!... አንድ!... አለቀ! አለቀ!"

ዲስኩ ረጅም ትንፋሽ የመሰለ ድምፅ አሰማና ቆመ። ዳግመኛም አልተነሣም። እትዬ ዘነበች ክዳኑን ዳሰሰችና "ዐረፉ" አለች። "ሥራቸውን ጨርሰው ነው።" ቄስ ገብሬ ሊያማትቡ እጃቸውን አንሥተው ነበር፤ አስበው መለሱት።

ኮምፒውተሩ ከሚሞሪዋ ሲነሣ ምንም ድምፅ የለም። መዝገቡ ተከፈተ። እኔ ቁልፉን እየተጫንኩ አነባለሁ፣ ሽማግሌዎቹ በጣታቸው ይቆጥራሉ። የደጉ ወልደ ሐና ቤት፤ የምሕረት ወገን ከዚያ ይወርዳል። ከጎኑ ሌላ ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ እያልን ስንወርድ የታደሰ ቅድመ አያት ስም ወጣ። ከስሙ አጠገብ መሪጌታ ጽጌ ጽፈዋል፤ "ወደ ወለጋ ሄደ። ወሬው አልተሰማም።"

ታደሰ ከመቀመጫው ተነሣ። ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመ፤ ስሙን በጣቱ ነካው። "ወሬው እኔ ነኝ" አለ።

እናቱ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ቄስ ገብሬ ቆጠሩ፤ ስምንት። ጥንቁቅ ሰው ናቸው፣ ከምሕረት በኩል እንደገና ጀመሩ፤ ስምንት! በሁለቱም በኩል ስምንት! እልልታው ሲነሣ እኔ አንኮበር ተንዶ ወደ ቆላ የሚወርድ መስሎኛል። አቶ ክፍሌ እትዬ ዘነበችን ሊስሟት ሲሉ "ያስነሣው እሱ ነው" ብላ ወደ እኔ ጠቆመች። እኔም ተሳምኩ። አልከለከልኩም።

ሰው ሁሉ ሲሳሳም እኔ ቁልፉ ላይ እንደሆንኩ ገጹን ወደ ታች አወርድ ነበር። ያው የደጉ ወልደ ሐና ቤት ነው። የአያቴ ስም ወጣ። ደስ አለኝ! ትንሽ ወረድ ስል "መዘዞ" የሚል አየሁ፤ ከሥሩ የባለቤቴ አያት ስም። በጣቴ ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩ። ጣቴ በሁለተኛው እጄ አውራ ጣት ላይ ቆመ። ቀና ስል እትዬ ዘነበች ከጎኔ ቆማ ስክሪኑን ታያለች። ገጹን አሳለፍኩ፤ እሷም ጮክ ብላ "ኧረ ካርዷ ሞቃለች፣ ትረፍ!" አለችና ማብሪያውን አጠፋችው።

በመመለሻው ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን።

"ካርዷ ሞቃ ነበር?" አልኳት።

"እንደ በረዶ ነበረች።"

"ያየሽው ነገር..."

"መነጽር አልያዝኩም፣ ምን አያለሁ?" አለችና በመስኮቱ ወደ ውጭ ዞረች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ "ስንት ልጆች ናቸው ያሏችሁ?"

"አራት።"

"የሚሠራ ነገር አይነካም፣ ዶክተር።"

ጎረቤቷ እንደነገረኝ ያንን ኮምፒውተር እኔ አስነሣሁት ብላ ለሰው ሁሉ ስታወራ ኖራለች። ይህኛውን ግን ለማንም አልተነፈሰችም። የታደሰና የምሕረት ልጅ አሁን በእግሯ እየሄደች ነው። ሚሞሪዋ በቄስ ገብሬ እጅ ናት፤ የፈለገ ሰው ከፍቶ መቁጠር ይችላል። ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ ልናገር። እኔና ባለቤቴ ስድስት ቤት ነን። ያን አውቄ፣ ካወቅኩ በኋላም ሦስት ዓመት ሙሉ ሱቄ ለሚመጣ እጮኛ ሁሉ "እኔ ስምንት ቤት ተቆጥሮልኝ ነው" እያልኩ ስመክር ኖሬአለሁ። ባለፈው ሰኞም፣ እትዬ ዘነበች ከማረፏ አንድ ቀን በፊት፣ ለሁለት እጮኛሞች ይህንኑ ብያለሁ።